ፍሪጁ የለበሰው ጋቢ

ፍሪጁን የገዛሁት ለእናቴ መድኃኒት ነው። ቁመቱ ከወገቤ አይበልጥም፤ ከቡሬ ገበያ በባጃጅ አምጥተን፣ እኔና ባለባጃጁ ለሁለት ተሸክመን አስገባነው። እናቴ ስኳር አለባት፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን የምወጋት እኔ ነኝ። መድኃኒቱ መሞቅም በረዶ መሆንም የለበትም ተብያለሁ። ስለዚህ ፍሪጁን እሷ ከምትተኛበት ክፍል ጥግ አቆምኩት፤ አናቱ ላይ ዳንቴል ጣል አደረግሁና ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ድምፁ ያስጨንቀኝ ጀመር። ሞተሩ ሲያጉረመርም ይቆይና ድንገት ተንቀጥቅጦ ጸጥ ይላል። ጸጥታው ረዘም ካለ በኋላ ቀጭ ብሎ እንደገና ይነሣል። ይህን አካሄድ አውቀዋለሁ። አባቴ ከአገራቸው ከፈረስ ቤት በኩል ለሕክምና መጥተው እዚያው ክፍል ውስጥ ሲያጣጥሩ ትንፋሻቸው እንዲሁ ነበር፤ ይሄድ ይሄድና ይቆማል፤ አበቃ ስንል ይመለሳል። ፍሪጁ የቆመውም አልጋቸው በነበረበት ጥግ ነው። ሌላ ጋ ሶኬት ስላልነበረ እንጂ አስቤበት አይደለም።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ትዕግሥት የለኝም። ለእናቴ ምንም አልተናገርኩም፤ እሷም ለእኔ። ግን ሞተሩ ሲቆም እንዝርቷም ይቆማል። ጥጡን እንደያዘች አንገቷን ወደ ጥጉ አዘንብላ ትጠብቃለች፤ ሞተሩ ሲነሣ መፍተሏን ትቀጥላለች። ራሴን ስታዘበው ለካ እኔም ትንፋሼን ይዤ ነው የምጠብቀው። በገዛ ቤቴ ፈራሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ክፍሉ ውስጥ በለሆሳስ ስታወራ ሰማኋት። «አይዞዎ፣ አሁን ይሞቅዎታል» ትላለች። ስገባ ብቻዋን ናት። ከማን ጋር እንደነበረች ስጠይቃት ጸሎት ላይ ነበርኩ አለችኝ። እግዜርን አይዞዎ እያለ የሚጸልይ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሪጁ መቆም ተወ። ቀን ከሌት ያጉረመርማል። እኔ ሞኟ፣ እሰይ በረታ ብዬ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት እናቴ ውኃ በጆግ ትጠጣ ጀመር፤ ዓይኔን ጋረደኝ አለች። ብወጋትም ስኳሯ አልወርድ አለ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መድኃኒቱን የት እንደማስቀምጥ ስትጠይቀኝ፣ ፍሪጅ ውስጥ ነዋ፣ አልኳት በኩራት። እጅሽን ከተሽ እይው አለችኝ። አዲስ ብልቃጥም ሰጠችኝና ይሄም ከተበላሸ እናትሽን ታጫታለሽ ብላ አስጠነቀቀችኝ። ቤት ገብቼ እጄን ከተትኩ። ውስጡ ለብ ያለ ነበር።

አዲሱን ብልቃጥ ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ ፍሪጅ ሠሪ ጠራሁ። ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። በሩን ከፍተው አንድ ቀጭን ቱቦ አሳዩኝ። ቱቦው ውስጥ የታሸገ ጋዝ አለ፤ ውስጡ ሲበርድ ጋዙ ይኮማተርና የሞተሩን መብራት ያቋርጣል፤ ሲሞቅ ያብጥና መልሶ ያገናኛል። ቁጥር የተጻፈባት መዘውር የምታዝዘው በስንት ብርድ እንዲያቋርጥ ብቻ ነው።

«ፍሪጅ ብርድ የሚፈጥር አይምሰልሽ፤ የሆዱን ሙቀት ነው በጀርባው የሚያወጣ» አሉኝ። «መቆሙ ጤናው ነው። የማያርፍ ከሆነ መውጫ አጥቷል።»

እጄን ወደ ጀርባው ሰደድኩ። ጨርቅ ነካሁ፤ ሰው አሁን ከላዩ ያወለቀው ይመስል ሞቃት ነበር። ጮህኩ። ስናየው የአባቴ ጋቢ ነው፤ ጠርዙ ላይ ጧፍ ያቃጠላት ቀዳዳ አለች። ሠሪው ጋቢውን አንሥተን ፍሪጁን ከግድግዳው አንድ ስንዝር እንድናርቅ ነግረውኝ ወጡ። ጋቢውን ልስበው ስል እናቴ ጫፉን ያዘች።

«ካለበስኋቸው ወዲህ እኮ አልቆሙም» አለች።

ብረት ነው ብዬ ጮህኩባት፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ብረት መሆኑን ታውቃለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ለነፍስ አባቷ እንኳ ያልተናገረችውን ነገረችኝ። አባቴ ባረፉበት ጠዋት አላባቸውና ጋቢውን አነሣችላቸው። ወዲያው ትንፋሻቸው ቆመ። እንደ ልማዱ ይመለሳል ብላ ጠበቀች፤ አልተመለሰም።

«ጋቢውን የገፈፍሁ እኔ ነኝ» አለች።

ቀስ ብዬ፣ ጋቢው እዚያ ከዋለ አባቴን ተከትላ የምትሄደው እሷ እንደሆነች ነገርኋት። ከዚያ ተነሥታ በገዛ እጇ፣ ከተኛ ሰው ላይ እንደምታነሣው አድርጋ ገፈፈችው።

ሞተሩ ግማሽ ቀን አጉረመረመ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተንቀጥቅጦ ጸጥ አለ። ተቀምጠን ጠበቅን። ከወትሮው በጣም ረዘመብኝ። መብራት ሄዶ እንደሆነ ለማየት ወደ ማብሪያው ስነሣ እናቴ ቀሚሴን ያዘችኝ።

«ተይ» አለች፤ «አትቀስቅሻቸው።»

መልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጋቢው ታጥፎ ጭኗ ላይ ነው። ከጥጉ ከወጣ ግማሽ ቀን አልፎታል፤ ስነካው ግን ገና አልቀዘቀዘም ነበር።