በሩ ጋ አማርኛ፣ መስኮቱ ጋ ኦሮምኛ

አፌን ከፈታሁ በኋላ ነው ማጅራት ገትር የያዘኝ። ነፍሴን ማረልኝና ጆሮዬን ይዞ ሄደ። አሁን በቀኝ በኩል የአይሱዙ ጥሩምባ የሚያህል ድምፅ ከሆነ ይሰማኛል፤ የቀረውን ከሰው ከንፈር ላይ አነብባለሁ። ንግግሬ ደህና ስለሆነ ብዙ ሰው አያውቅብኝም፤ እኔም አልናገርም ነበር። «አይ የኔ ምስኪን» እያለ ጉንጬን ሊዳብስ ከሚመጣ ሰው፣ «ምን ያኮራታል?» ብሎ የሚያማኝን እመርጣለሁ።

ከሚሴ ኮሌጅ የገባሁት እንስሳት ጤና ልማር ነው። ጨፋ ውስጥ ከብት መሀል ያደግሁ ስለሆንኩ ሌላ ትምህርት አላማረኝም። ዋናውን ትምህርት የሚሰጡን መምህር ጺማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ። ክፍላችን ውስጥ ኦሮምኛ የሚቀለውም አማርኛ የሚቀለውም ስለነበር፣ ለሁሉም እንዲገባ ብለው ዓረፍተ ነገሩን በአንዱ ጀምረው በሌላው ይጨርሱታል። አገራችን ወሬው ሁሉ እንዲህ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። እኔም ሁለቱንም ቋንቋ አውቃለሁ። ከንፈር የሚያነብ ሰው ግን አስቀድሞ በየትኛው ቋንቋ እየተወራ እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ ካላወቀ ገደል ነው የሚገባው። ክፍሉ ሲስቅ እኔ ትንሽ ዘግይቼ እስቃለሁ፤ በምን እንደተሳቀ ግን አላውቅም።

የመጀመሪያው ፈተና ላይ፣ ሆዷ የተነፋ ላም ስትመጣ መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ ተጠየቅን። መምህሩ ክፍል ውስጥ የተናገሩትን አስታወስኩ፤ «መጀመሪያ ጋራ፣ እሺ፣ ተመልከቱ፤ በግራ በኩል» ብለዋል። እኔም ላሟ የዋለችበትን ጋራ፣ በተለይ የግራውን ጎን፣ ምን ሣር እንደበቀለበትና ጤዛው ረግፎ እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል ብዬ ግማሽ ገጽ ሞላሁ። በመልሴ ኮርቼ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ወደቅሁ። ሌላውም ጥያቄ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ትምህርቱን ትቼ ሰንበቴ ከተማ፣ አክስቴ ጋ ሄጄ ጨው ልሸጥ ወሰንኩ። ገበያ ላይ ሰው በጣቱ ያሳያል፣ ሰፍረህ ትሰጣለህ፤ ማንም ጆሮ አይጠይቅም። ለላም ያለኝን ፍቅር ግን ምን እንደማደርገው አላወቅሁም ነበርና አለቀስኩ።

መምህሩ ከክፍል በኋላ አስቀሩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ጋራ ከየት አመጣሽው?» አሉ እየሳቁ።

ቱግ አልኩ። «እርስዎ ነዎት ያሉት! ጋራ፣ እሺ፣ ተመልከቱ ብለዋል!»

ትንሽ አሰቡና ሳቃቸው ቆመ። ያሉት «ጋራ ኢሼ» ነበር፤ በኦሮምኛ «ሆዷን» ማለት ነው። ጆሮ ያለው ሰው ይለየዋል፤ ከንፈር ላይ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ዘወር ዘወር ብለው ሰው አለመኖሩን አዩና፣ «አትሰሚም እንዴ?» አሉኝ። «አልሰማም» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። «አይ ምስኪን» ይሉኛል ብዬ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና፣ «የት የት ላይ ነው የምጠፋብሽ?» አሉ። የምትጠፊው የት ነው አላሉኝም፤ ጠፊው እሳቸው ሆኑ። ወላሂ፣ እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ነገርኳቸው። ወደ ሰሌዳው ዞረው እየጻፉ ሲናገሩ እንደሚጠፉ፣ ሪዛቸው የላይ ከንፈራቸውን እንደሸፈነው፣ ከሁሉም በላይ ቋንቋ ሲቀይሩ እንደሚያመልጡኝ። «ቤት ውስጥ እናቴ በኦሮምኛ፣ አባቴ በአማርኛ ነው የሚያወሩኝ። ፊታቸውን ሳይ ቋንቋውን አውቀዋለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው እኔም ሁለት ሰው ልሁንልሽ» አሉ። «ለልጆቹ ልንገራቸው ወይስ በእኛ ይቅር?»

«በእኛ ይቅር።»

ከዚያ በኋላ አማርኛ ሲናገሩ በሩ ጋ፣ ኦሮምኛ ሲናገሩ መስኮቱ ጋ መቆም ጀመሩ። ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ቋንቋው ሲቀየር ቱር ብለው ይሻገራሉ። ልጆቹ «ወገባቸውን ይዟቸው ነው፤ ሐኪም ተንቀሳቀስ ብሏቸዋል» እያሉ ያወሩ ነበር። ሪዛቸውም ተከርክሞ መጣ። ዓይኔ እዚያ ላይ መቅረቱን አይተው በአጠገቤ ሲያልፉ፣ «ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ሪዝ መከርከም ሱና ነው» አሉኝ። በሕይወቴ ከተደረጉልኝ ደግነቶች ሁሉ ይቺን ሳስታውስ እስካሁን እስቃለሁ።

የቀረው የልብና የሆድ ማዳመጫው ነበር። እሱን ጆሮዬ ላይ ብሰካው ጌጥ ከመሆን አያልፍም። መምህሩ የልብ ትርታን ከላም ጅራት ሥር በጣት መቁጠር፣ የጨጓራዋን መገላበጥ ደግሞ በግራ ጎኗ ጉድጓድ ላይ የተጨበጠ እጅን ተጭኖ መቁጠር አስተማሩኝ። ሁለቱም የታወቁ የሙያው ዘዴዎች ናቸው። ለተግባር ፈተናም በእጅ እንድመዘን ቀደም ብለው ከኮሌጁ ኃላፊዎች አስፈቀዱልኝ።

የፈተናው ቀን ከሌላ ከተማ የመጣው መዛኝ እሱ በማዳመጫው፣ እኔ በእጄ የአንዷን ላም የልብ ትርታ ቆጠርን። ቁጥራችን ገጠመ። እሱ ግን ደስ አላለውም። ወደ መምህሩ ዞሮ፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ፣ «ይቺ ልጅ ካልሰማች ከገበሬ ጋር እንዴት ልትሠራ ነው?» ሲል ከንፈሩ ላይ አነበብኩት። የማልፈውም የምወድቀውም በእሱ ቃል ነበር። መምህሩን አየኋቸው። ስለ እኔ ሊከራከሩ ቢፈልጉ ምላሳቸው ደረቅ አይደለም፤ ብዙ ማለት ይችሉ ነበር።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አሉት። «እሷ አለች አይደል?» ብለው ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ።

መዛኙ ወደ እኔ ዞረና አፉን ከፍቶ ጮኸ። «አይጩሁ፤ ሲጮሁ ከንፈርዎ ይጠፋብኛል» አልኩት። ደነገጠና ጥያቄውን በቀስታ ደገመው።

«ገበሬው ፊት ለፊቴ ቆሞ ከነገረኝ እሰማዋለሁ» አልኩ። «ላሟ ግን ለሚሰማም አትናገርም። እሷን ሁላችንም የምንጠይቃት በእጃችን ነው።»

መዛኙ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያ «እለፊ፤ ቀጣይ!» አለ።

ዛሬ ጨፋ ውስጥ ከብት አክማለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ስለ መምህሬ ሰው ሲጠይቀኝ ስላስተማሩኝና ስላስፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ እላለሁ፤ እውነቴንም ነው። ከሁሉም አብልጬ የማመሰግናቸው ግን ያን የፈተና ቀን በእኔ ፋንታ መናገር እየቻሉ ዝም ስላሉልኝ ነው።