የጸሎት ርእስ ደብተር

ጽሕፈቴ ያምራል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከእሱ ስለ ጀመረ ነው። መርሳ ውስጥ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ የምናጠና ስድስት ሰዎች ነበርን። ቡድኑ ሲመሠረት ጸሐፊ ይመረጥ ተባለና ሁሉም ዞር ብሎ እኔን አየ። መምህር ነኝ፤ ጠመኔ የያዘ ሁሉ ጸሐፊ ይሁን የሚል ሕግ ያለ ይመስል። እውነቱን ለመናገር ባይመርጡኝ ኖሮ አኮርፍ ነበር።

የምንሰበሰበው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው የአንዲት መበለት ቤት ነው። እትዬ ነበር የምንላቸው። አንድ ልጅ አላቸው፤ ወታደር ነው። የጥናቱ መሪ ሲሪንቃ፣ የእርሻ ምርምሩ የሙከራ ማሳ ላይ የሚሠሩ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውን ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ ጥቅስን የሚያዩት እንደ ማሽላ ዘር ነው። አንዲቱን አንቀጽ ይዘሩና ወር ሙሉ እየተመላለሱ ያዩዋታል። «እሺ፣ በዚህ ሳምንት ምን አደረጋችሁባት?» ይላሉ። እኔ ደግሞ ምዕራፍ መጨረስ የምወድ ሰው ነኝ። ወልድያ ሄጄ ሁለት ጊዜ ሠልጥኜ የምስክር ወረቀት ይዣለሁ፤ ትርጉሙን አውቀዋለሁ። ለምን እዚያው እንደምንንፏቀቅ አይገባኝም ነበር።

ሌላዋ ገበያው አጠገብ የወጥ ቤት ዕቃ የምትሸጥ እኅት ናት። ወላጆቿ ከትግራይ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚያው መርሳ ነው። እኔ አሳምሬ የመለስኩትን መልስ በአንድ ጥያቄ ታፈርስብኝ ነበር። ጠላትን ስለ መውደድ የሚናገረውን ክፍል ስናጠና ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ፍቅር ዓይነቶች አብራራሁ። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «ደግ ነው። ግን ያንተ ጠላት ማን ነው? ስሙን ጥራልን እስኪ» አለችኝ። የለኝም አልኩ። «እንግዲያው ይሄ ሳምንት ላንተ ዕረፍት ነው» ብላ ቤቱን ሁሉ አሳቀችብኝ። ተናደድኩ፤ መናደዴንም ደበቅሁ።

በጥናቱ መጨረሻ እያንዳንዳችን የጸሎት ርእስ እንሰጣለን። ጋሼ እዚህ ላይ ኃይለኛ ናቸው። «ሁላችንን ባርከን» ማለት እሳቸው ዘንድ አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ነው፤ ማን፣ የት፣ ምን ሆኖ፣ ተብሎ መነገር አለበት። ስለዚህ ደብተሩን በአራት ዓምድ ከፈልኩት፤ ስም፣ ርእስ፣ የተጠየቀበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን። የመጨረሻውን የምጽፈው በቀይ እስክሪብቶ ነበር። ጦርነቱ ከጀመረ በኋላ እትዬ «ስለ ልጄ ጸልዩልኝ» ሲሉ፣ እኔ የት ነው ያለው፣ የየትኛው ክፍል ነው፣ ማዕረጉስ እያልኩ አፋጠጥኳቸው። እሳቸውም በስልክ የነገራቸውን ሁሉ ነገሩኝ፤ አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ። እኅታችን ደግሞ አንድ ረቡዕ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መቀሌ ያለው ወንድሟ ስልኩ ከተቋረጠ ወራት እንዳለፉ ተናገረች። እሱንም ጻፍኩ፤ ከነስሙ፣ ከነሰፈሩ።

ነሐሴ ሲገባ ከቆቦ በኩል የተፈናቀለው ሰው በመንገዱ ይወርድ ጀመር። ፍራሽ የተሸከመ አለ፣ ፍየል የሚጎትት አለ። መጀመሪያ ውኃ እያቀበልን «አይዟችሁ» እንል ነበር፤ የወልድያ ሰው ራሱ መውረድ ሲጀምር ግን አይዟችሁ የሚል ጠፋ። በዚያ ሳምንት ረቡዕም ተሰበሰብን፤ ለምን እንደ ተሰበሰብን እንጃ። ጋሼ እየጸለዩ ሳለ ከባድ መሣሪያ ጮኸና የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ። አሜን ያለ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ወደየቤታችን ሮጥን።

ሚስቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ግራና ወደምትባለው ጎረቤት ከተማ ሄድኩ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የአንዲት ተማሪዬ አባት ነበሩ፤ ገበሬ ናቸው፣ ሙስሊም። አስጠልሉኝ ብዬ ሳልጨርስ ጎተራው አጠገብ ያለችውን ክፍል ለቀቁልን። በማግስቱ ቦርሳዬን ከፈትኩ። መጽሐፍ ቅዱሱ አለ። ደብተሩ የለም። ቦርሳውን ገለበጥኩ፤ የልጆቼን ልብስ አራገፍኩ፤ ምንም ያላደረገችውን ሚስቴን ተቆጣሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ። እትዬ ቤት፣ መደቡ ላይ ካለው ፍራሽ ሥር ሸጉጬው ነበር። እትዬ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አልሸሹም። መርሳ ደግሞ በትግራይ ታጣቂዎች ተይዛለች።

ታጣቂዎቹ የወታደር ቤተሰብ በየቤቱ ይፈልጋሉ ተብሎ ይወራ ነበር፤ እውነት ይሁን ውሸት የሚያጣራ የለም። እኔ ግን ያንን ገጽ በቃሌ አውቀዋለሁ። የልጁ ስም ከነአያቱ ነው። ያለበትን ቦታ ደግሞ ጎልቶ እንዲታይ አስምሬበታለሁ። እኚህን አሮጊት በገዛ እጄ ጽፌ አሳልፌ ሰጥቻቸዋለሁ እያልኩ ጎተራውን እዞራለሁ። ለመጸለይ እንበረከካለሁ፤ አፌ ግን ስለ ደብተሩ መጨቃጨቅ እንጂ ሌላ ነገር አይወጣውም። ይህን ያህል ዓመት አጥንቼ ፍርሃቴን የት እንደማደርገው አላውቅም ነበር።

ገበሬው ያዩኝ ኖሯል።

«ምን ጠፋብህ፣ መምህር?» አሉኝ።

«ደብተር ነው፣ አባባ።» ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው።

ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ለአላህ የነገራችሁትን ነው የጻፍከው?»

«አዎ።»

«ይረሳል ብለህ?»

ሥርዓት ነው፣ ሪፖርት ነው ልል አፌ ላይ መጣና አፈርኩ። እሳቸው ግን አልሳቁብኝም። «አብሽር፣ ዱዓ እናደርጋለን። የሰው ነፍስ ያለበት ነገር ነውና አንተም ቁጭ አትበል። ሐሙስ ጨው ፍለጋ ወደ መርሳ የሚሻገሩ ሴቶች አሉ፤ ከእነሱ ጋር ሂድ። ብቻህን እንዳትታይ» አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት ከሴቶቹ ኋላ ኋላ እያልኩ መርሳ ገባሁ። የአውቶቡስ ጡሩምባ የሌለበት መርሳን አይቼ አላውቅም። ሱቆቹ ተዘግተዋል፤ አንዳንዱ በሩ ተገንጥሏል። እትዬ ቤት ስደርስ እኛ ለጥናት የምንቀመጥበት አግዳሚ ላይ ሦስት ታጣቂዎች ተቀምጠዋል። ዓይኔ ሳልፈልግ ወደ ፍራሹ ሄደ። የእትዬ ዘመድ ነኝ አልኩ፤ ድምፄ እንደ ተማሪ ድምፅ ቀጠነ። አንደኛው በአገጩ ወደ ጓሮ አመለከተኝ።

ማድ ቤት እትዬና እኅታችን ተቀምጠው የሽሮ አተር ይለቅማሉ። እትዬ ሲያዩኝ ደነገጡ። «ኧረ አንተ ልጅ፣ ምን ልትሆን መጣህ?»

«ደብተሩ...» አልኩ።

እኅታችን ቀና አለች። «የለም። አቃጥየዋለሁ።»

የሆነውን እየተንሾካሾከች ነገረችኝ። ደብተሩን ያገኘችው ክንዷ የቆሰለ አንዲት ወጣት ታጣቂ ናት፤ ልትተኛ ፍራሹን ስታነሣ። በዓምድ የተሰለፈ ጽሑፍ ሞልቶበት ስታይ ይሄ የምን መዝገብ ነው አለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ አማርኛም አትሰማም። ትግርኛ የምትችል ጎረቤት አለች ተባለና እኅታችን ተጠራች። በጠራራ ፀሐይ በረንዳው ላይ አስቀመጧትና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ እየተረጎመች እንድታነብ አዘዟት። የጎረቤት ሰው በአጥሩ ቀዳዳ እያየ፣ የእትዬን የጉልበት ሕመም፣ የእኔን ልጅ ፈተና፣ የጋሼን የዝናብ ጸሎት አንድ በአንድ አነበበችላቸው። ልጅቷ በቀይ የጻፍኩትን አይታ ምንድን ነው ብላ ጠይቃ፣ የጸሎት መልስ ነው ስትባል ሳቀች አለችኝ።

«የእትዬ ልጅ ላይ ስደርስ ዓይኔ ጨለመ» አለች። «ልጄ ዓረብ አገር ነው፣ ሥራ እንዲያገኝ ጸልዩልኝ፣ ብዬ አነበብኩት። የወንድሜ ላይ ስደርስ ግን የተጻፈውን እንዳለ አነበብኩ። ሁለተኛ ለመዋሸት አቅም አልነበረኝም።»

ታጣቂዋ ደብተሩን አግዳሚው ላይ ወርውራው ወጣች። እኅታችን ወዲያው ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

ሰው ራሱን የሚያውቅበት ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ ሰምቼ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «አራት ዓመት የጻፍኩት!» የሚል ነበር። እኅታችን ወደ አተር ለቀማዋ ተመለሰች። እትዬ «ተቀመጥና ውኃ ጠጣ» አሉኝ።

ታኅሣሥ ላይ ከተማዋ ወደ መንግሥት እጅ ስትመለስ እኛም ተመለስን። ደስታው ሁለት ቀን እንኳ አልቆየም። ማን ከማን ጋር ነበር የሚል ጥያቄ ተነሣ። የሰፈሩ ሰው በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። እትዬ የልጃቸውን ወሬ ፍለጋ ወልድያ ሄደዋል፤ ጋሼ ከሸሹበት አልተመለሱም። አንድ የሰፈራችን ሰው ተነሣና፣ «ይቺ ሴት በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ከመዝገብ ስም ስታነብላቸው በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። ሰውየው አልዋሸም። ያየውን ነው የተናገረው።

እኅታችን ቆመች። «የጸሎት ደብተር ነው» አለች።

«የታለ?»

«አቃጠልኩት።»

ግቢው ተንጫጫ። «ማነው የጻፈው?» አለ ሌላ ሰው።

እሷ ወደ ማንም ዞር አላለችም። «የቡድናችን ነው» አለች ብቻ።

እኔ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀምጫለሁ። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ያነበበችውም ለማዳን ነው ማለት ነበረብኝ። ሁለት ዓረፍተ ነገር። ነገር ግን ወታደር ያለበትን ቦታ ለምን ጻፍክ ቢሉኝስ? ከእሷ ጋር ነበርክ ቢሉኝስ? ልጆቼስ? ቆይ፣ ስብሰባው ሲያበቃ ሽማግሌዎቹን ለብቻ አስረዳለሁ አልኩ ለራሴ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ፈታሁና እንደገና አሰርኩት። ቀና ስል ጉዳዩ እስኪጣራ ሱቋ እንዲዘጋ፣ እሷም ከቤቷ እንዳትወጣ ተወስኗል። ሽማግሌዎቹንም ለብቻ አላገኘኋቸውም። አልፈለግኋቸውም ማለት ይሻላል።

ሦስት ቀን በቤቷ ደጃፍ ላለማለፍ በላይኛው መንገድ ዞርኩ። በአራተኛው ቀን እትዬ ከወልድያ ገቡ። ልጃቸው ቆስሎ ሐኪም ቤት መሆኑን ሰምተው፣ በሕይወት አለ ብለው እያለቀሱ ሲመጡ ነው የእኅታችን መታገድ የተነገራቸው። በዚያ በሚያነክስ ጉልበታቸው ከበር ወደ በር ዞሩ። «የእኔን ልጅ ስም የዋጠችልኝን ልጅ ነው የቆለፋችሁባት? ኑ እኔን ጠይቁኝ!» እያሉ ሲጮኹ ድምፃቸው እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ያ ያየሁትን አየሁ ያለው ሰው ራሱ ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት። ሱቋ ተከፈተ። ደብተሩን ማን ጻፈው ብሎ የጠየቀ ግን ከዚያ በኋላ አልነበረም፤ እኔም አመለጥኩ።

ጥር ላይ ጋሼ ተመለሱና ጥናቱ ቀጠለ። ከስድስታችን አራት ቀርተናል። እሷም መጣች። ጋሼ ያቋረጥነውን ክፍል ከዚያው እንጀምር አሉ፤ ጠላትን ስለ መውደድ የሚናገረውን። ከሦስት ጊዜ በላይ የተብራራልኝ፣ እኔም ያብራራሁት ቃል ነበር። ጸሎት ሊጀመር ሲል እጄን እንደ ተማሪ አወጣሁ።

«እኔ ስብሰባው ላይ ነበርኩ» አልኩ። «መናገር ስችል ዝም አልኩ። ስለ ፈራሁ ነው። እኅቴ፣ አፉ በይኝ።»

እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከስብሰባው የቀረሁ ይመስላቸው ነበር። ጋሼ መሬት መሬቱን አዩ።

«አይቼሃለሁ» አለች እኅታችን። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «ግድግዳው ጋ ነበርክ። ማን ጻፈው ሲሉኝ፣ አሁን ይነሣል፣ አሁን ይነሣል እያልኩ ጠበቅሁህ። ዛሬ አልችልም። አፉ ብዬሃለሁ ብል ውሸት ነው የሚሆነው። የሚመጣው ረቡዕ ጠይቀኝ።»

ያ ሳምንት ከጦርነቱ ሳምንታት ሁሉ ረዘመብኝ። አለመሄድም አስቤ ነበር፤ ወልድያ ስብሰባ አለብኝ ብል ማን ያጣራል? ረቡዕ ሲደርስ ግን እግሬ እየከበደኝ ሄድኩ። ሰዎቹ ተሰብስበዋል። በሩ ላይ እንደቆምኩ ጠየቅኋት።

«ገና ነኝ» አለች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለችና አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። «ግባና ተቀመጥ። የማንበብ ተራው ያንተ ነው።»