በዋልታው ጣቢያ በር አይቆለፍም

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ የተከፈተው በቁጣ ነው። ከትንሿ አውሮፕላን ወርጄ፣ ቅንድቤ በብርዱ ተገንጥሎ ሊወድቅ ሲል ወደ ዋናው ሕንፃ ሮጥኩና እንደ ማንኛውም የቶሮንቶው ክሬሰንት ታውን ሠፈር ነዋሪ በሩን ከኋላዬ ቀረቀርኩት። የጣቢያው ኃላፊ ሊንዳ ጓንቷን ሳታወልቅ መጥታ መቀርቀሪያውን መለሰችው።

"ሰው ልትገድል ነው የመጣኸው?" አለችኝ።

በማግስቱ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ያንን መቀርቀሪያ ነቅሎ መጣል ሆነ።

ጣቢያው ያለው ዛፍ ተስፋ ቆርጦ ከተመለሰበት ቦታ በጣም አልፎ ነው። ክረምት ከበጋ ሰው አይለየውም። ሳይንቲስቶቹ አየሩንና በረዶውን ይለካሉ፤ እኔ መካኒክ ነኝ፤ ጀነሬተሩ፣ ቦይለሩ፣ ቧንቧውና በሩ የእኔ ናቸው። የውጭ በሮች ወደ ውስጥ ነው የሚከፈቱት፤ ወደ ውጭ ቢሆኑ በረዶ ይከመርባቸውና እስከ ሰኔ እንታሰራለን። አይቆለፉም። ድብ ያየ ወይም ነፋስ የያዘው ሰው ያገኘው በር ላይ ደርሶ፣ እጀታውን አዙሮ፣ ገፍቶ መግባት አለበት። ሕጉ ይኸው ነው፤ ጓደኞቼ ሁሉ በአንድ ቀን የገባቸው ሕግ።

ያልገባው ዳይሬክተራችን ብሪያን ነበር። ብሪያን ቶሮንቶ መሃል ከተማ ተቀምጦ ነው ዋልታውን የሚያስተዳድረው። ከኮንዶው በሊፍት ወደ መኪና ማቆሚያ ይወርዳል፣ ከመኪና ማቆሚያ በሊፍት ወደ ቢሮ ይወጣል። ክረምትን የሚያውቀው በመስኮት ነው። በመስኮትም ቢሆን መጋረጃ አለው።

አንድ ቀን በቪዲዮ ደወለና የውጭ በሮች በሙሉ የካርድ ቁልፍ ይገባላቸዋል አለ። ለሴኩሪቲ።

"ሌባው ከየት ነው የሚመጣው?" አልኩት። "ጎረቤታችን ድብ ነው። እሱም ላፕቶፕ ሲሰርቅ አላየንም።"

"መስፍን፣ ይሄ ፖሊሲ ነው።"

"ካርድ ማንበቢያው እዚህ ብርድ ላይ ቢደርቅስ?"

"ቶሮንቶ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ብዙ መካኒክ አለ" አለና ዘጋው።

እዚህ ላይ ፈራሁ፤ አልዋሽም። ከዚህ ሥራ በፊት ቶሮንቶ፣ ኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ላይ ፒዛ አመላልስ ነበር። ያ መንገድ ለባቡር ተቆፍሮ ከመክረሙ የተነሳ ትኩስ ፒዛ ይዤ ገብቼ ስወጣ የልጄ ጢም በቅሎ ጠበቀኝ። ወደዚያ መመለስ አልፈለግኩም። ውጭ ቀርቶ የደረቀ ሰው ሬሳ ማንሳትም አልፈለግኩም።

ወጥ ቤት ገባሁ። ወጥ ሠሪያችን ጋሽ ወርቁ ነበሩ፤ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ዘመናቸውን በምግብ ቤት የጨረሱ፣ ጸሎታቸው ረጅም ከመሆኑ የተነሳ ሾርባው ላይ በረዶ የሚጋገርበት የጴንጤ ሽማግሌ። ሰው ሁሉ ገበታ ላይ ካልተሟላ አይጸልዩም፤ እሳቸው ካልጸለዩ ማንም ማንኪያ አያነሳም። ፈረንጆቹ ሳይቀሩ ለምደውታል።

"ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል?"

"ታዘዝ ከተባልክ ታዘዝ። ሰው ግን እንዳትገድል።"

"ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት ይሆናሉ?"

"እኔ የማውቀው ሽንኩርት ነው። ብረቱ ያንተ ነው" አሉና ወደ ድስታቸው ዞሩ።

ቁልፎቹን ገጠምኳቸው። ከእጀታው በላይ ነው የሚገቡት፤ ካርድ ሲነካቸው ጢጥ ይላሉ፣ አረንጓዴ ይበራሉ፤ አለዚያ ቀይ ናቸው። ከመግጠሜ በፊት ግን ከእያንዳንዱ ቁልፍ ውስጥ ወጥታ በሩን የምትይዘውን ብረት በግራይንደር ቆረጥኳት። ቁልፉ ይጮኻል፣ ይበራል፣ ምንም አይቆልፍም። እጀታውን ያዞረ ሁሉ እንደ ድሮው ይገባል።

እራት ላይ ለሁሉም ነገርኳቸው። ሊንዳ ሳህኗን አየች።

"አልሰማሁም" አለች። "ወርቁ፣ ድንቹን አቀብለኝ።"

ቶሮንቶ ያለው ስክሪን ላይ በሮቹ በሙሉ "ተቆልፏል" ይላሉ። ብሪያን በደስታ አበደ። በስብሰባ ላይ እኛን ለሌሎች ጣቢያዎች ምሳሌ አድርጎ አቀረበን። ያን ያህል ምስጋና ጀነሬተር በባዶ እጄ አስነስቼም አግኝቼ አላውቅም።

ምሳሌነታችንን በዓይኑ ለማየት በክረምት መጣ። በእኩለ ቀን ጨለማ ነው። የለበሰው ብርቱካናማ ጃኬት ከመወፈሩ የተነሳ በጎኑ ነው በሩን ያለፈው። ካርዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

ሊንዳ ወደ ጎን ወስዳኝ "አሁኑኑ ንገረው" አለችኝ።

"ምሳ ከበላ በኋላ" አልኳት። የጠገበ አለቃ ይሻላል ብዬ ነው።

ብሪያን ግን ከምሳ በፊት ውጭ ካለው የጣቢያው ስም ሰሌዳ ጋር ፎቶ መነሳት አማረው። ብቻውን ማንም አይወጣም። እሱ ለማንም ሳይናገር ወጣ። ነፋሱ ተነሳ። ተመልሶ በሩ ላይ ሲደርስ ካርዱን አስጠጋ፤ ማንበቢያው ደርቋል፣ መብራቱ ቀይ ላይ ቀርቷል። እንደገና አስጠጋ። ጓንቱን አውልቆ አስጠጋ። አንኳኳ፤ በዚያ ነፋስና በጀነሬተሩ ጩኸት ማን ይስማው።

ውስጥ ጋሽ ወርቁ ሊጸልዩ እጃቸውን አንስተው አወረዱ። አንድ ወንበር ባዶ ነው።

"ያ ብርቱካናማው ሰውዬ የት ሄደ?"

እሳቸው ቀድመው ተነሱና የውጭውን በር እጀታ አዙረው ከፈቱ። ብሪያን አፍንጫው እንደ ኖራ ነጥቶ፣ ካርዱን ማንበቢያው ላይ ለጥፎ ቆሟል።

"ምን ትሠራለህ እዚህ?" አሉት።

"ተቆልፏል" አለ፤ ከንፈሩ አልታዘዝ ብሎት።

ጋሽ ወርቁ በሩን አዩ፤ ሰውየውን አዩ።

"ማን ነገረህ?"

"መብራቱ።"

ጣቶቹን ለብ ባለ ውኃ ነከርንለት። ሁሉም ተረፉ፤ የአፍንጫው ጫፍ ብቻ ተላጠ። ሻይ ላይ አእምሮውም ሞቀና እኔን አስጠራኝ።

"ቁልፉን ሆን ብለህ ነው ያበላሸኸው?"

"ሆን ብዬ ነው።"

"ልሞት ነበር።"

"በሩ ክፍት ነበር፣ ብሪያን። እጀታውን ነካኸው?"

ቀጥሎ የተናገረው ስለ በሩ አልነበረም፤ ተባረሃል አለኝ። ልነግረው ይገባ ነበር አለ፤ እሷ እንኳ እውነት ናት። ጣቢያው አንድ አውሮፕላን ብቻ ስላለው አባራሪና ተባራሪ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ወደ ደቡብ በረርን። እሱ አፍንጫው ላይ ፕላስተር ለጥፎ በመስኮት ያያል፤ እኔ ጋሽ ወርቁ የቋጠሩልኝን ምሳ እበላለሁ። አላካፈልኩትም።

በኋላ ሊንዳ ደውላ ቁልፎቹ "በቴክኒክ ምክንያት" ተነቅለዋል አለችኝ። ፖሊሲው የት እንደደረሰ ማንም አልጠየቀም።

አሁን ዳንፎርዝ አጠገብ የአንድ ረጅም ሕንፃ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። በሮቹ ሁሉ ካርድ ነው። በየሳምንቱ አንድ ሰው ውጭ ቀረሁ ብሎ ይደውልልኛል፤ ወርጄ እጀታውን አዞራለሁ፤ ከአራት ጊዜ አንዴ ይከፈታል።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው ይኼ ነው፦ በር ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ እጀታውን አዙሩ። መብራቱን ከዚያ በኋላ እዩት።