የኦዲሎን የእሁድ ብርጭቆ

ዙልማ እባላለሁ። አፈኛ ናት ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ኦዲሎንን ሁለተኛ ፎቅ ሊያወጡት ሲሰናዱ አፌን ይዤ ብቀመጥ ኖሮ ዛሬ እንቅልፍ ባልወሰደኝ ነበር። እኛ ያለንበት የአረጋውያን ቤት ሁለተኛ ፎቅ በሩ ከውጭ ይቆለፋል፤ የሚኖሩበት ራሳቸውን የሳቱ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ተመልሶ የወረደ ሰው አላየሁም። የኦዲሎን ጥፋት ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቢራውን ቀምሶ “ይሄ ቢራ አይደለም” ማለቱ ነው። ጉድ እኮ ነው!

ኦዲሎንን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት የነበረችው ፀጉር ቤት የእሱ ነበረች። የዚህ መንደር ወንድ ሁሉ አንገቱን ለኦዲሎን ምላጭ ሰጥቶ ነው ያረጀው። የሰው ገመና ሲሰማ ይውላል፣ አንዲት ቃል አታመልጠውም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከሚስቱ ከኢቮን ጋር አደባባዩ ላይ ካለው ቡና ቤት ይገባና አንድ ነጭ ቢራ ያዛል። ነጭ የምንለው ከስንዴ የሚጠመቀውን፣ ድንብላልና የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ የሚገባበትን ድፍርሱን ነው። ኦዲሎን ቀስ አድርጎ ይቀዳና ጥቂት ሲቀረው ጠርሙሱን በሁለት መዳፉ መካከል ያሽከረክረዋል፤ እታች የተኛው እርሾ ሲነሳለት የቀረውን ይጨምራል። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ኢቮን ገፋ ያደርገዋል። አረፋውን የምትቀምሰው እሷ ነበረች። እሷ ካረፈች በኋላም ቢሆን ከመጠጣቱ በፊት ትንሽ ይጠብቃል።

ወደዚህ ቤት ሲገባ ልጁን ሉትጋርድን የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእሁድ ቢራዬን እንዳትከለክሉኝ አላት። ቃሌ ነው አለችው።

በዚህ ጸደይ ነገሩ ተለወጠ። ድሮ ጠርሙሱ ጠረጴዛችን ላይ ይከፈት ነበር፤ አሁን ቢራው ወጥ ቤት ውስጥ ተቀድቶ በብርጭቆ ይመጣ ጀመር። ቢራ ከግድግዳ ጀርባ ተቀድቶ ሲመጣ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም። ጨጓራዬ ስለማይችለው ቢራ አልጠጣም፤ ቢሆንም የሰው ፊት ማንበብ አያቅተኝም። ኦዲሎን አንዴ ተጎነጨ፣ አፉ ውስጥ አቆየው፣ ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠ።

“ድንብላሉ አለ፣ ልጣጩም አለ” አለኝ። “ግን ሰው የሌለበት ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ? እንደሱ ነው። ይሄ ቢራ አይደለም።”

አስተናጋጇን ጠርቶ በትሕትና ነገራት። ትከሻውን መታ መታ አድርጋ፣ ያው የድሮው ነው አባባ፣ ምላስም ያረጃል አለችው። በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ነገራት፤ ደግማ ሳቀች። በሦስተኛው እሁድ ብርጭቆውን ይዞ ወጥ ቤት ድረስ ሄደ። በሩን ሲዘጉበት ጮኸ። ያ ዝምተኛ ሰው ሲጮህ የሰማነው ያን ቀን ብቻ ነው፤ እነሱ የፈለጉት ደግሞ ይህንኑ ነበር።

የቤቱ ኃላፊ ማርሊን ሉትጋርድን አስጠራቻት። ማርሊን ድምጿ ማር ነው፤ ሁላችንንም እንደ ሕፃን ነው የምታባብለን። አባትሽ የሌለ ነገር ይቀምሳሉ፣ ሰው ይጠረጥራሉ፣ ይቆጣሉ፤ ይህ በሽታ እንዲህ ነው የሚጀምረው አለቻት። ሐኪም መጣ። ዓመቱ ስንት ነው፣ የአገራችን ንጉሥ ማን ይባላል እያለ ጠየቀው፣ ኦዲሎን ሁሉንም መለሰ። ሰዓት ይሳሉልኝ ሲለው ግን ቁጥሮቹን አዙሮ፣ ሦስት በሚገባበት ዘጠኝ አድርጎ ሳለለት። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ።

የፀጉር ቤቱ ሰዓት እኮ እንደዚያው ነበር! ደንበኛው ከጀርባው የተሰቀለውን ሰዓት በመስታወት እንዲያየው ተብሎ ቁጥሩ ተገላቢጦሽ የተሠራ ነው። “ሰዓት ሳል አለኝ፤ የማውቀውን ሰዓት ሳልኩለት” አለኝ ኦዲሎን፣ ነገሩ ገርሞት። ሐኪሙ የሌላ አገር ሰው ነው፣ በእሱ አልፈርድም። ሉትጋርድ ግን ከዚያ ሰዓት ሥር ነው ድክ ድክ ብላ ያደገችው። አጠገቡ ቆማ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። መጪው የከርሚስ በዓል እሁድ እንዳለፈ፣ በማግስቱ ሰኞ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ይዛወር ተባለ፤ እሷም እሺ አለች።

ቆሽቴ አረረ። ማርሊን ቢሮ ዘልቄ ገባሁና የሆዴን ዘረገፍኩላት። እሷ ምን አለችኝ መሰላችሁ? ውዴ ዙልማ፣ ያንን ቢራ እሁድ እሁድ ስንት ሰው ይጠጣዋል፤ ከእሳቸው በቀር ማን ተናገረ? እውነትም ማንም አልተናገረም። ይሄ ነገር ከነከነኝና ቀጥ ብዬ ያንኑ ቢራ የሚጠጡት ካርታ ተጫዋቾች ዘንድ ሄድኩ። ብርጭቋችሁ ውስጥ ያለው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ጡረታ የወጣው ባቡር ነጂ አኪል ካርታውን ደፍቶ አስቀመጠ።

“ከመጀመሪያው እሁድ ጀምሮ እናውቃለን” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። “አልኮሉ የወጣለት ነው።”

“ታዲያ አፍ የላችሁም?”

“አፍ ያለው ሰው ምን እንደደረሰበት አላየሽም? ዝም አይነቅዝም፣ ዙልማ።”

“የእናንተማ ነቅዟል። ሰኞ ሰው ሊበላ ነው።”

ማናቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። ፈርተዋል፤ ከእነሱ አንዱ ዛሬ ቢናገር ነገ ሰዓት ሳል ይባላል። ሽማግሌ የገዛ ምላሱን ይህን ያህል እንዲፈራ ያደረገ ሰው እግዜር ይይለት! ተናገሩ አላልኳችሁም አልኳቸው፤ በከርሚስ ቀን ቢራው ሲመጣ አትጠጡ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ከርሚስ ዓመታዊ በዓላችን ነው። ልጅ፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ አዳራሹን ሞላው፤ የሩዝ ኬኩ ተቆረሰ፣ ውጭ የመንደሩ ማርሽ ባንድ ይነፋል። ብርጭቆዎቹ መጡ። ኦዲሎን የእሱን አላየውም። አኪልም አልነካ። ከእሱ ቀጥሎ ያለችውም፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለውም። አረፋው በየብርጭቆው ላይ ሟሸሸ። ልጆቹ አባታቸውን እናታቸውን፣ ምነው አመመህ፣ ምነው አመመሽ ይሉ ጀመር። ማርሊን ፈገግታዋን ይዛ ብቅ አለች፣ ምነው ውዶቼ አልጠጣችሁም አለች።

አኪል ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ። “ቢራ ሲመጣ እንጠጣለን” አለ።

እኔ ሉትጋርድ አጠገብ ሄድኩና የአባትሽን ብርጭቆ አንሺ አልኳት። መኪና ነው የምነዳው አለችኝ። “አንሺው፤ የሚያሰክር ነገር የለበትም” አልኳት። አንስታ ተጎነጨች። ደግማ ተጎነጨች። ልጅነቷን ሙሉ የእናቷን አረፋ እየተሻማች ያደገች ልጅ ናት፤ ፊቷ እንዴት እንደተለወጠ አየሁ።

ማርሊን ያኔ አመነች። ለእናንተው ብዬ ነው አለች፤ መድኃኒት ትወስዳላችሁ፣ ትወድቃላችሁ፤ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው ያልነገርኳችሁ። ለእኛው! ብትነግረን ግማሻችን እሺ ባልን ነበር። ያንገበገበኝ እሱ ብቻ አይደለም። ያንን ሰው ደሙን ቀዱት፣ ንጉሡን ጠየቁት፣ ሰዓት አሳሉት፣ መኝታውን አነጠፉለት፤ ብርጭቆውን አንስቶ የቀመሰለት ግን አንድ ሰው አልነበረም።

ሉትጋርድ እያለቀሰች አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

“ይቅር በለኝ አባዬ። እውነትህን ነበር፣ አሁን አመንኩህ።”

ኦዲሎን ፀጉሯን ዳሰሳት። እጁ ያው የፀጉር አስተካካይ እጅ ነው።

“ያመንሽው ቢራውን ነው፣ ልጄ” አላት። “እኔን አይደለም።”

ሰኞ ሁለተኛ ፎቅ አልወጣም። ጠርሙሶቹም ወደ ጠረጴዛችን ተመለሱ፤ አልኮል የሌለውን የፈለገ ስሙን ጠርቶ ያዛል። ሉትጋርድ አሁን እሁድ አትቀርም። ቢራውን ትቀዳለታለች፣ ጠርሙሱን በመዳፏ መካከል ታሽከረክራለች፣ እርሾውን ትጨምርለታለች፣ ከዚያ አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች። አኪል አንጀቴን በላችው ይላል፤ የእኔን አንጀት አልበላችውም። ኦዲሎን ያመሰግናታል፣ እንደ ልማዱ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ይጠጣል። ብርጭቆውን ወደ እሷ ገፋ ሲያደርግ ግን እስካሁን አላየሁም።