የሱቁ ዱቄትና የአማቴ እንዶድ

የበኩር ልጄ ዳዴ ማለት በጀመረ ሰሞን፣ ሰቆጣ ከአንድ ሐጂ ሱቅ የዱቄት ሳሙና ገዛሁ። ዕድሜዋን ሁሉ በእንዶድ ላጠበች ሴት እንዴት ያለ ደስታ መሰላችሁ! አማቴ ግን እሽጉን አገላብጠው አይተው ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«መርዝ ቢሆንስ? የልጁን ገላ ቢልጠውስ? እንዶድ ማንን ጎዳ?»

«ሐጂ የልጆቻቸውን ልብስ የሚያሳጥቡት በዚሁ ነው፣ እማማ» አልኋቸው። አልሰሙኝም።

ተያይዘን ወንዝ ወረድን። በጋ ስለነበር ውሃው ቀጥኗል። እማማ ከላይ በኩል ነጠላቸውን በተወቀጠ እንዶድ ይረግጡ ጀመር፤ እኔ ከታች የልጄን ልብስ መንከር ያዝሁ። ድንገት ትናንሽ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። ወዲያው ዙሪያዬን ሞሉት።

«አላልሁሽም! ዓሣውን ፈጀሽው! ልጁንም ልትጨርሽው ነበር!» እያሉ እማማ እየሮጡ መጡ።

እሽጉን ከጉያዬ አወጣሁ።

«እማማ፣ እኔ እኮ ገና አልከፈትሁትም!»

እማማ ዓሦቹ ወደመጡበት ዞረው አዩ። የእንዶዱ አረፋ ከነጠላቸው ሥር እየነጣ ይወርዳል። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«እስቲ አምጪው፣ ያንን ዱቄት።»