ለእኔ ሲሉ የማሩት ዘፈን

ባለፈው ሰሞን ከገበያ ወደ ቤት በባጃጅ ስመለስ ዝናብ ያዘን። ሾፌሩ የጎኑን ሸራ ሲያወርደው ውስጡ በእርጥብ ልብስና በቤንዚን ሽታ ታፈነ። ከኋላዬ ካለችው ስፒከር አንድ ዘፈን ጀመረ። ገና መግቢያው ላይ አወቅሁት፤ ወዲያው ፊቴ ጋለ። የሚያየኝ ሰው እንኳ አልነበረም፤ ሾፌሩ ጎርፉን እየሸሸ መንገዱ ላይ አፍጥጧል። እኔ ግን የሆነ ሰው የታዘበኝ ይመስል ሻርፔን ወደ ፊቴ ሳብኩ። ስንት ዓመት አልፎ፣ ልጆች ወልጄ፣ ያ ዘፈን ዛሬም አንገቴን ያስደፋኛል። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ያኔ እዚሁ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። የከተማው ልጅ ስለሆንኩ ከቤት እየተመላለስኩ ነው የተማርኩት። ጓደኞቼ ግን ከሩቅ የመጡ ነበሩ፤ አንዱ የአዲስ አበባ ልጅ፣ አንዱ ጎንደሬ፣ አንዷ ደግሞ የደሴ ልጅ። በትምህርት አንገናኝም፤ በእምነትም የተለያየን ነን። ያገናኘን አንድ ባንድ ነው። ሁለት አልበም ብቻ የነበራቸው የአዲስ አበባ ወጣቶች ነበሩ፤ ሁለቱንም ከእነ እስትንፋሳቸው በቃላችን ይዘናቸዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በዋናው መንገድ ዳር ባለች ጁስ ቤት እንሰበሰባለን። ወሩ የቡና መድረሻ ከሆነ ከቡና ማጠቢያ ጣቢያዎቹ የሚመጣው የገለፈት ሽታ፣ ኮምጠጥ ጣፈጥ ያለው፣ እስከ ጠረጴዛችን ይደርሳል። የጁስ መፍጫው ሲያጓራ ክርክራችንን ቃሉ መሐል ላይ እናቆማለን፤ ሲያቆም ካቆምንበት እንቀጥላለን።

እኔ ግን ከሌሎቹ የተለየ ነገር ነበረብኝ። አባቴ በማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሽማግሌ ነበር። ዓለማዊ ዘፈን ቤታችን አይገባም። እኔ ራሴ እሑድ እሑድ ኳየር ውስጥ እዘምራለሁ። ሁለቱን አልበም ስልኬ ላይ «ሌክቸር» የሚል ፎልደር ውስጥ ደብቄአቸው ነበር። ከጁስ ቤት ስወጣ ግራ ቀኝ አይቼ ነው የምወጣው።

አንድ ቅዳሜ የአዲስ አበባው ልጅ አዲስ ነገር አመጣ። «ምርጡን ማንም ያውቃል» አለ። «የምር የሚወድ ሰው ደካማውን ለይቶ ማወቅ አለበት። ዛሬ ከሁሉ የወረደውን ዘፈን እንመርጣለን።»

መጀመሪያ ተቆጣን። የማይወዳቸው ሰው ክፉ ቢናገራቸው ልንደባደብ የምንደርስ ሰዎች ነን። ትንሽ ቆይቶ ግን ጣፈጠን። የደሴዋ ልጅ በስልክ ጥሪ የሚጀምረውን ሬጌ አነሳች፤ «ሁልጊዜ የእኔ ስልክ የጮኸ ይመስለኛል» አለች። ጎንደሬው የሠርጉን ዘፈን ጠላ፤ «ይኼ እኮ ለቪዲዮ ቀራጭ የተሠራ ነው» አለ። እንዲህ እየተባባልን የሁለተኛው አልበም መጨረሻ አካባቢ ደረስን፤ የዝናቡ ዘፈን ጋ።

ግጥሙ በአማርኛ ነው፤ ዝናባማ ከተማ ትቶ ስለሄደ ሰው ይናገራል። አዝማቹ ግን በጌዴኦኛ ነበር፤ ሁሉም አንድ ላይ ሆነው ይሉታል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደካማ ዘፈን ነው። ኪቦርዱ ያለቃቅሳል፤ ከበሮው ይጎተታል። የአዲስ አበባው ልጅ «ተገኘ! አሸናፊው ይኼ ነው» ሲል ማንም አልተከራከረውም። ጎንደሬው ብቻ፣ ፍርድ እንዳይዛባ የሚጠነቀቅ ልጅ ስለነበር፣ «ቆይ እንጂ፤ ያልገባንን ነገር እንዴት ደካማ እንላለን?» አለና ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ የዚህ አገር ልጅ አይደለሽ? ምንድነው የሚሉት?»

ዘፈኑን ከፈቱት። ሦስቱም አፌን ያዩ ጀመር። ስንት ጊዜ የሰማሁት አዝማች ነው፤ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ የማውቀው ዝናብ የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር። በአባቴ በኩል ያሉት አያቶቼ ወናጎ ገጠር ውስጥ የኖሩ፣ ጌዴኦኛ ብቻ ሲናገሩ ኖረው የሞቱ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ሰላምታና የምግብ ስም እንጂ ሌላ አላውቅም።

«እስቲ ድገሙት» አልኩ። ደገሙት። መፍጫው እንዲያጓራ ስጸልይ ትዝ ይለኛል።

«አላውቀውም» አልኩ በመጨረሻ።

«እንዴ! በራስሽ ቋንቋ?» አለች የደሴዋ ልጅ። ክፋት አልነበራትም፤ ገርሟት ነው። የአዲስ አበባው ልጅ ሳቀና «ሼም ነው አቦ!» አለኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ጁሴን ግን አልጨረስኩትም። ፍርዱ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተላለፈ፤ ትርጉሙን ጠይቄ ልመጣ።

የምጠይቀው ሰው አባቴ ብቻ ነበር። እናቴ ጉራጌ ናት፤ ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው። እሑድ ከአምልኮ ተመልሰን፣ አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ስልኩን በእጄ ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር። ግን ዘፈን ነው።»

ክራቫቱን እየፈታ ቀና ብሎ አየኝ። «ዘፈን?»

«ዓለማዊ ነው። ስልኬ ላይ ያለ ነው። አዝማቹ በጌዴኦኛ ስለሆነ ምን እንደሚል እንድትነግረኝ ብዬ ነው።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። ክራቫቱን ፈትቶ ጨረሰ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። ኤርፎኑን አያውቅበትም፤ እኔው ጆሮው ላይ አደረግሁለት። ምን እንደሚሰማ እኔ አይሰማኝም፤ ፊቱን ብቻ ነው የማየው። መጀመሪያ ግንባሩ ተቋጠረ፣ ልክ ሰው ስብከት ሲያበላሽ እንደሚያደርገው። አዝማቹ ጋ ሲደርስ ግን አፉ ትንሽ ተከፈተ።

«ድገሚው» አለ። ደገምኩለት።

«ይኼ የልጆች መጥሪያ ነው» አለኝ፣ ኤርፎኑ ጆሮው ላይ እንዳለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ዝናቡ ሳይደርስባችሁ ግቡ ነው የሚለው። እሳቱ ነዷል፣ ቆጮው በስሏል ይላል። ደግሞ አበላሽተውታል፤ ማጥበቅ ሲገባቸው ያላላሉ። እናቴ እኮ... እናቴ ከእንሰቱ መሐል ቆሞ ይጠራን ነበር።»

እንደዚያ ነው ያለው፤ «ቆሞ ይጠራን ነበር»። የማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ የሚያርመው አባቴ፣ የእኔን አማርኛ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሲያቃና የኖረው አባቴ፣ እናቱን በወንድ ጠራት። ወዲያው ራሱም ሰማው። ኤርፎኑን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ አንገቱ ሲቀላ አየሁ።

ያን ቀን ነው የነገረኝ። ከገጠር መጥቶ ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ ስለ ቤተሰብህ ተናገር ብለውት፣ አማርኛው ገና ስላልተቃና ስለ እናቱ እንዲሁ «እሱ» እያለ ተናገረ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዓመቱን ሙሉ «እናቱ ወንድ የሆነው ልጅ» ተብሎ ኖረ። እናቱ በገበያ ቀን እህል ይዛለት ስትመጣ እንኳ ልጆቹ እየተጠቋቆሙ ይስቁባት ነበር፤ እሷ ግን የሚስቁበት አይገባትም፤ መልሳ ትስቅላቸዋለች።

«አንቺ ላይ ማንም እንዳይስቅ ብዬ ነው» አለኝ። «ለአፍሽ አንድ ቋንቋ ብቻ ብሰጠው ቀጥ ይላል ብዬ።»

ጁስ ቤት ስለሆነው ነገር አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ ልንገረው?

ቅዳሜ ሄጄ ትርጉሙን ነገርኳቸው፤ ከእንሰቱ መሐል ስለምትጣራው እናት፣ ስለ እሳቱ፣ አዝማቹን እንዳበላሹትም። የደሴዋ ልጅ ዓይኗ እንባ ሞላ። የአዲስ አበባው ልጅ ግን፣ የእሱ ነገር ሁልጊዜ እስከ ጥጉ መሄድ ነው፣ «አበላሽተውታል ካልሽ ትክክለኛውን አሰሚና» አለኝ። አባቴ ያን እሑድ ትክክለኛውን አሰምቶኝ ነበር፤ ቀላል መሰለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሞከርኩት።

ከጎናችን ጠረጴዛ አንዲት ትልቅ እናት ከልጃቸው ጋር አናናስ ጁስ ይጠጡ ነበር። ዞር አሉና ፊታቸው በራ፤ በጌዴኦኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩኝ። ጥያቄ እንደሆነ ከድምፃቸው አወቅሁ። ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። እንደገባኝ ሆኜ ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ደግመው ጠየቁኝ፤ ደግሜ ነቀነቅሁ። የሴትየዋ ፈገግታ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት። ከዚያ በአማርኛ፣ ለስላሳ አድርገው፣ «ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

ከተማው ትንሽ ነው። የአባቴን ስም ብጠራ ያውቁታል፤ ምናልባትም በቤተ ክርስቲያን። ልጁ የአያቷን ቋንቋ አታውቅም ይላሉ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሸሸው ሳቅ በሌላ በር ሊገባበት ነው። ስሙን መጥራት አቃተኝ። ጠረጴዛው ላይ አፈጠጥኩ። እሳቸውም አላስጨነቁኝም፤ «ይሁን» ብለው ወደ ጁሳቸው ተመለሱ።

ጓደኞቼ ሁሉን አይተዋል። ጎንደሬው ጉሮሮውን ጠረገና «የዝናቡ ዘፈን ከውድድር ይውጣ» አለ። ሌሎቹም ተሽቀዳድመው ተስማሙ። የሠርጉ ዘፈን ደካማ ተብሎ ተፈረደበት። ሁሉም ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ፤ ድምፃቸው ግን በሽተኛ ያለበት ቤት እንደገባ ሰው ድምፅ ሆኖ ነበር። ዘፈኑን የማሩት ለእኔ ሲሉ ነው። «ሼም ነው» ካለኝ ይልቅ ያ ምሕረት ነው ያቃጠለኝ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ጥናት እየበዛብኝ መጣ። ተመርቀው ሲሄዱ የደሴዋን ልጅ ብቻ ነው መናኸሪያ ድረስ የሸኘኋት።

አባቴ ዛሬ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። አምና ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ደከመ፤ አማርኛውም ጥሎት ሄደ። ሐኪሙ በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል አለን። ያ ሁሉ የተቃና አማርኛ አሁን የለም። የቀረው የመጀመሪያው ነው፤ ለእኔ ያላወረሰኝ። ዘመድ ሲመጣ ይጫወታል፣ ይስቃል። እኔ ስገባ ዝም ይላል፤ እንዳያሳፍረኝ ይመስለኛል።

የዛሬ ሳምንት እሑድ ጠዋት ግን አንድ ነገር ፈለገ። ተናገረ፤ አልገባኝም። ውሃ አመጣሁ፤ ራሱን ነቀነቀ። ብርድ ልብስ አመጣሁ፤ እሱንም በእጁ ገፋው። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ያንኑ ቃል ቀስ አድርጎ ደገመው። «አባዬ፣ አልገባኝም» አልኩት፤ እሱም ያልኩት አልገባውም። ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን።

ከዚያ በደህናው እጁ እጄን ሳበና ጉንጩ ላይ አደረገው። ጢሙ አድጎ ይኮሰኩሳል። ለካ መላጨት ነው የፈለገው።

ሳሙናና ምላጭ አመጣሁ፤ ፎጣ አንገቱ ላይ አሰርኩለት። በአንድ በኩል አረፋውን እየጠረግሁ ሳለ ያችኑ ቃል ደግሞ አላትና አፌን እያየ ጠበቀ። ልላት ሞከርኩ። የተጣመመ ከንፈሩን በፈገግታ ከፍ አድርጎ፣ አይደለም፣ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደገናም ረጋ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ አላት። ምላጩን ከጉንጩ አንስቼ ደገምኳት።