ወገዳ ገበያ በሩጫ የገባው እጩ

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ለፓርላማ እንደራሴ ምረጡ በተባልንበት በአንዱ ዓመት ነው። ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርሁ። አሁን የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ ዛሬም ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ሩጫ ሲጀመር ተነሥቼ ጓሮ እወጣለሁ። ልጆቼ ለምን እንደሆነ አያውቁም።

እጩው መንግሥቴ ይባላል፤ የስማዳ ልጅ ነው። ከታላቅ ወንድሜ ከአዳነ ጋር አብረው ወታደር ቤት ገቡ። አዳነ ጠረፍ ተመደበ፣ መንግሥቴ ሯጭ ሆነ። ሥራው ሩጫ ብቻ፣ እንጀራውም ከሩጫ። ባሕር ማዶ ሜዳሊያ አገኘ ተብሎ ስሙ በራዲዮ ሲጠራ እናቴ "የልጄ ጓደኛ እኮ ነው" እያለች ላገኘችው ሁሉ ትናገር ነበር።

ሌሎቹ እጩዎች በበቅሎ፣ አሽከር አስከትለው ነበር የሚመጡት። መንግሥቴ ግን ያለው እግሩ ነው። ስለዚህ ወገዳ ገበያ ጢም ብሎ ሳለ፣ ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ አጥልቆ፣ በቁምጣ፣ ከዳገቱ ቁልቁል እየሮጠ መጣ።

ከተማ ኖሮ ረስቶት ነው እንጂ፣ በእኛ አገር ትልቅ ሰው በደኅና አይሮጥም። ወይ እሳት ተነሥቷል፣ ወይ ሰው ሞቷል። ገበያው ተናወጠ። ገብሱ ተደፋ፤ ሴቱ ኡኡ አለ፤ ወንዱ ዱላውን አነሣ። እናቴ ከሩቅ አወቀችው። "ልጄን! አዳነን!" ብላ ደረቷን መታች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ስሙን እየጠራች ታለቅስ ጀመር።

መንግሥቴ ደንግጦ ቆመ። ሰዉ ከበበው።

"ምንም አልሆነ! ለምርጫው ነው የመጣሁ!" አለ።

"አዳነስ?" አለች እናቴ።

"ደኅና ነው፣ እትዬ።"

"በማርያም በለኝ።"

አጠገቧ ነበርሁ፤ ፊቱን አየሁት። ላቡ ይወርዳል። "በማርያም" አላት።

እናቴ እልል አለች። ጉልበቱን ሳመች። ንግግር ሲያደርግም ፊት ለፊት ቆማ "ይሄን ምረጡ፣ የኔው ልጅ ነው" እያለች ታጨበጭባለች። ገበያው ሁሉ በእሷ ደስታ ይስቅ ነበር። ቤት ወስዳ ዶሮ አረደችለት። ያጎረሰችውን እንደ ምንም ውጦ "ሆዴን አሞኛል" ብሎ ተነሣ።

እኔም እዚያው እናቴ ቤት አደርሁ፤ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በራችን ተመታ። የንስሐ አባታችንና አጎቶቼ ቆመዋል፤ ከኋላቸው መንግሥቴ፣ ጋቢ ተከናንቦ። ማንም ሳይናገር ገባኝ። አዳነ ከሞተ ወር አልፎታል። መንግሥቴ መርዶውን ይዞ ነበር የመጣው። በወጉ መሠረት አስቀድሞ ለቄሱና ለዘመድ ሊነግር፣ እነሱም በማለዳ ተሰብስበው ሊያረዱን ነበር ያሰበው። ብቻ ገበያውን አስቀደመ።

ምርጫው አልቀናውም። ግማሹ ሰው በማርያም ስም ዋሸ ብሎ ተጸየፈው፤ ግማሹ መርዶ ገበያ መሀል እንዴት ይንገር ብሎ አዘነለት። ያን ቃል የተናገረው ለእናቴ አዝኖ ይሁን ድምፅ እንዳይቀርበት ፈርቶ፣ እኔ ዛሬም አላውቅም። እሱ ራሱ የሚያውቀው አይመስለኝም።

ለአዳነ ተዝካር መጥቶ ዳሱ ጥግ ተቀመጠ። እናቴ ጠላ ቀዳችለት። አልሰደበችውም፤ ድምጿንም ከፍ አላደረገች።

"ጀምሬው ነበር እኮ" አለችው። "ልቅሶዬን ለምን አስተውኸኝ? ልጄ አፈር ለብሶ፣ እኔን በሰው ፊት እልል አሰኘኸኝ።"

ጠላውን ሳይቀምስ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም።

መጀመሪያ ላይ እጠላው ነበር፤ አሁን ንዴቱ ወጥቶልኛል፤ ኀዘኑ ግን አልወጣም። ልጆቼን በወለድሁ ቁጥር ጎረቤቱ ተሰብስቦ እልል ሲል፣ እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ዝም ብላ ትቆም ነበር። እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን እልል ስትል አልሰማኋትም።